ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር አቶ የማያልቅ ሉፕ

ጉዳዩ፦ እንዲቆሙልን ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎ አንድን ትእዛዝ ሳያቆሙ የሚደጋግሙ የፕሮግራም ክፍል ነዎትና፣ እኛማ እስኪጨርሱ ቁጭ ብለናል።

ማክሰኞ ዕለት በፕሮጀክተር፣ አለቆቼ ፊት ላሳዩኝ ክብር አመሰግናለሁ። ትእዛዝዎ አጭር ነበር፦ ቀሪው ዕዳ ዜሮ እስኪሆን 0.1 ቀንስ። ለሙከራ የ1 ብር ዕዳ አስገባሁ። አሥር ጊዜ ተቀንሶ ዜሮ መምጣት ሲገባው፣ ከነጥቡ በኋላ 15 ዜሮ ተሰልፎ ከሰልፉ ጫፍ 1 ብቅ አለች። ዜሮ አይደለችማ! እርስዎም ደንብ አክባሪ ነዎትና ቀነሱ። ከዜሮ በታች ወረዱ፤ አሁንም ቀነሱ። ሻይ ሳይቀርብ ተበዳሪው አበዳሪያችን ሆኖ አረፈው። ፕሮግራም የሚያስቆሙትን ቁልፎች፣ ኮንትሮል ሲን፣ ደጋግሜ ብጫን መስሚያዬ ጥጥ ነው አሉ፤ ለካ ስህተቱንም ማቋረጫውንም ዋጥ የሚያደርግ መስመር ተጽፎልዎታል። የፋይናንስ ኃላፊዋ መነጽራቸውን አውልቀው «ልጄ፣ ይሄ ነገር መቼ ነው የሚቆመው?» አሉኝ። «የሂሳብ ሊቁ አላን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1936 ይህን ጥያቄ ለሁሉም ፕሮግራም የሚመልስ ዘዴ እንደሌለ አረጋግጧል» ልል አማረኝ፤ ዋጥ አደረግኩት። ገመዱን ነቀልኩ፤ ላፕቶፑ ባትሪ አለው። መብራት እንኳ በዚያች ቀን አልጠፋም!

ቆይ ግን አንተ! በ0 እና በ1 ብቻ የሚቆጥር ማሽን 0.1ን ልኩን እንደማይዝ ዛሬ የተገኘ ዜና ነው? «ከዜሮ ካነሰ ወይም እኩል ከሆነ ቁም» ቢባል፣ 10 ሳንቲም አስበልጦም ቢሆን ይቆም ነበር። ሳንቲሙን በሙሉ ቁጥር መቁጠርንስ ማን ከለከለ? የሰው ደመወዝ ሊቆረጥበት ነበርኮ! ጽፎህ ዱባይ የገባው ሰውዬ ስልክ አያነሳም፤ የምዋረደው እኔ!

ይቅርታ፣ እርስዎ ለማለት ነው።

የቆየውን አላነሳም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2008 የማይክሮሶፍትን ዙን 30 ሙዚቃ ማጫወቻ በያለበት ያደረቁት እርስዎ ነዎት፤ ዓመቱ 366 ቀን ነበረውና ሉፑ በመጨረሻው ቀን መውጫ አጣ። ጳጉሜ 6ን የሚያውቅ ሰው ቢያማክሩ ምን ነበረበት?

መስኮት ላይ የተቀመጡትን ዘመዶችዎንም እናውቃቸዋለን፦ መታወቂያ ለማደስ የኪራይ ውል፣ የኪራይ ውል ለመዋዋል የታደሰ መታወቂያ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለብሬክ (ሉፕ ለሚያስቆመው ትእዛዝ)፣ ባለበት
ለቀድሞው ባልደረባዬ፣ ዱባይ
ለፋይናንስ ክፍል፤ ተበዳሪው ገንዘቡን ሊጠይቅ ቢመጣ እንዲያውቁት