የሠርግ ቪዲዮ የበላው ቅኔ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልወቅሳችሁ ነው። ራሴንም ጨምሬ።

በ2009 ዓ.ም. ክረምት ጎጃም ውስጥ አንድ የቅኔ ጉባኤ ቤት ሄጄ የኔታን ስቀዳ ከረምኩ። የኔታ ዓይናቸው ደክሟል። አገጫቸውን መቋሚያቸው ላይ አስደግፈው መጀመሪያ ትንሽ ዝም ይላሉ። ከዚያ ቅኔውን ይዘርፉታል፣ እዚያው ፈጥረው በቃል ይሉታል፤ ባለ ሁለት ቤት (ስንኝ) ከሆነው አጭሩ የቅኔ ዓይነት ከጉባኤ ቃና እስከ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ። ቅኔ ደግሞ ለዕለቱ ነው፤ ትናንት የተዘረፈ ነገ አይደገምም። 31 ሰዓት ድምፅ ቀዳሁ። በሃርድ ዲስክ አድርጌ ለአንድ የባህል መሥሪያ ቤት አስረከብኩ። ፈርመው ተቀበሉኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

አምና ድምፁን ፈልጌ ሄድኩ። የኔታ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሠራተኛው መሳቢያ ከፍቶ ዲስኩን አወጣው። በእጄ ጽፌ የለጠፍኩት ወረቀት እንኳ አልተላጠም። ኮምፒውተር ላይ ሰካነው። የሠርግ ቪዲዮ! ሙሽሮቹ ኬክ ይቆርሳሉ። «ቦታ አጥሮን ፎርማት ተደርጎ ይሆናል» አለኝ፣ ቀለል አድርጎ።

ይህን ይቅር ማለት አቅቶኛል። ብራና ቢሆን ኖሮ ማን ፍቆ የሠርግ ጥሪ ይጽፍበት ነበር? ፋይል በእጅ ስለማይያዝ ንብረት አይመስለንም። የቢሮው ወንበር ቁጥር ተለጥፎበታል፤ በየዓመቱ ይቆጠራል። የየኔታን ድምፅ የቆጠረ ግን አልነበረም።

ዘዴው ጠፍቶን አይደለም። ከ1966 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ወደ 9,000 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሱ፣ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ ተቀመጠ። እኛ አንዲት ዲስክ መሳቢያ ውስጥ ከተን «ዲጂታል ሆኗል» እንላለን። ዲስክ ይሞታል። በዓመት አንዴ እንኳ ከፍቶ የሚያዳምጥ ከሌለ፣ መጥፋቱ የሚታወቀው ፈላጊ ሲመጣ ነው።

እኔስ? ላፕቶፔ ላይ ቅጂው ነበረኝ። በ2012 ሞላብኝና አጠፋሁት። «መሥሪያ ቤቱ አለው» ብዬ! እነሱ ምን እንደሆነ ሳያውቁ አጠፉት። እኔ እያወቅሁ። እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄኛው ነው።

እባካችሁ፣ ቤታችሁም ቢሯችሁም ደብራችሁም ያለውን ዛሬ ክፈቱት። ሦስት ቦታ አድርጉት፤ አንዱ ሌላ ከተማ ይሁን። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ባለፈው ሳምንት ከየኔታ ተማሪዎች አንዱ ደወለልኝ። በድሮ ስልኩ የቀዳው አንድ መወድስ አለው። ስክሪኑ ተሰብሯል፤ ግን ይበራል ብሎኛል። ሦስት ፍላሽ ገዝቻለሁ። ቅዳሜ እሄዳለሁ።