ማስተካከያ፦ ቢኤችቪኦ-1 እና ቢኤችቪኦ-2 አንድ አይደሉም

ሰሞኑን በአራት ኪሎ አካባቢ የጂኦሎጂ ተማሪዎች በቴሌግራም የሚቀባበሉት ጽሑፍ፣ የላቦራቶሪ መለኪያ መሣሪያ የሚስተካከልባቸው ማመሳከሪያ የሃዋይ ባዛልት (የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ዱቄቶች ቢኤችቪኦ-1 እና ቢኤችቪኦ-2 በስም ካልሆነ በቀር አይለያዩም ይላል። ትክክል አይደለም። ሁለቱንም ያዘጋጀው የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ኪላዌያ ከተባለው የሃዋይ እሳተ ገሞራ ላቫ ነው፤ የተፈጩት ግን በተለያየ ጊዜ ነው። ሲሊካቸው በሁለቱም 50 በመቶ ገደማ ነው። ችግሩ ያለው በውስጣቸው ባለው እርሳስ (ሊድ የተባለው ብረት) ላይ ነው፦ በሙያ መጽሔቶች በታተሙ ልኬቶች መሠረት በአሮጌው (ቢኤችቪኦ-1) ከሚሊዮን እጅ 2.1፣ በአዲሱ (ቢኤችቪኦ-2) 1.65 ገደማ ነው። የኢሶቶፕ (የአንድ ንጥረ ነገር በክብደት የሚለያዩ አቶሞች) ጥናቶችም በዝግጅት ወቅት የገባ ብክለትን ያመለክታሉ። እንግዲህ መሣሪያውን ለማስተካከል አዲሱን ዱቄት ለክቶ በስሌቱ የአሮጌውን የእርሳስ መጠን ያስገባ ሰው፣ የናሙናዎቹን እርሳስ ከሩብ በላይ አብዝቶ ያገኛል። የመመረቂያ ጽሑፍ ከማስረከባችሁ በፊት እባካችሁ የጠርሙሱን ቁጥር አይታችሁ ስሌቱን ድገሙት።