የመንጋ ጠባቂው ካንጋል ነው ወይስ የአገሩ ውሻ?

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፣ በአፍሪካ የበግና የፍየል መንጋን ከአውሬ ለመጠበቅ ከቱርክ የመጣው ካንጋል ከየአገሩ ውሻ ይመረጣል ወይ የሚል ነው። «ይመረጣል» የሚሉት አንድ የእንስሳት ሐኪም ሲሆኑ፣ የሚቃወሟቸው በአርብቶ አደር ቤት ያደጉና በዱር እንስሳት ጥበቃ የሚሠሩ ባለሙያ ናቸው።

ሐኪሙ፦

ካንጋል ስሙን ያገኘው በመካከለኛው ቱርክ፣ በሲቫስ ክፍለ ሀገር ከሚገኘው የካንጋል ወረዳ ነው። ገላው የገለባ መልክ ያለው፣ ፊቱ ጥቁር፣ ጅራቱ ወደ ጀርባው የተጠቀለለ ውሻ ነው፤ ወንዱ ከ50 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ክረምቱ በረዶ፣ በጋው ደረቅ ሐሩር በሆነበት በዚያ ደጋ ላይ ከበጎች ጋር እያደረ ተኩላን ሲመክት ኖሯል፤ እረኞቹም ተኩላ ጉሮሮውን እንዳይዘው የሾለ ብረት የተተከለበት ማሰሪያ በአንገቱ ላይ ያጠልቁለታል። ሥራው ማሳደድ አይደለም። በመንጋውና በአውሬው መካከል ገብቶ ይቆማል፣ ይጮኻል፤ አውሬው ካልተመለሰ ብቻ ይዋጋል።

ይህ ጠባይ ምን እንደሚያስገኝ በናሚቢያ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የዚያ አገር ከብት አርቢዎች አቦሸማኔን እያጠመዱና እየተኮሱ በብዛት ያጠፉት ነበር። ዶክተር ሎሪ ማርከር እ.ኤ.አ. በ1990 የመሠረቱት የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ፣ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የካንጋል የቅርብ ወገን የሆኑትን የአናቶሊያ እረኛ ውሾች፣ ኋላም ካንጋልን ራሱን፣ እያራባ ለአርቢዎች መስጠት ያዘ። ውሻውን የተቀበሉ አርቢዎች በአውሬ የሚደርስባቸው ጉዳት 80 በመቶና ከዚያም በላይ እንደቀነሰ ተናግረዋል። አቦሸማኔ የሚኖረው በእግሩ ነው፤ እግሩ ከተጎዳ ስለሚራብ ከግዙፍ ውሻ ጋር መጋጠምን አይመርጥም። ስለዚህ ፍየሉም ይተርፋል፣ አርቢውም ጠመንጃ የሚያነሣበት ምክንያት ያጣል፤ በአንድ ውሻ ሁለት ነፍስ ሲድን ከማየት የበለጠ በሙያዬ የሚያስደስተኝ ነገር የለም።

ተቃዋሚዋ፦

ዶክተር፣ የናሚቢያውን ውጤት አልክድም። የምቃወመው ውጤቱን ለዝርያው ብቻ መስጠትዎን ነው። አባቶቻችን «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ያሉት በዚህ ጉዳይም ይሠራል። በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ የሚኖሩ የናቫሆ ሰዎች በጎቻቸውንና ፍየሎቻቸውን ሲያስጠብቁ የኖሩት ዝርያ በሌላቸው ድብልቅ ውሾች ነው። ቡችላውን ገና ትንሽ ሳለ ከግልገሎች ጋር ያሳድሩታል፤ ሰው እንዳይለምድም እያቀፉ አያጫውቱትም። በናሚቢያ ጎረቤት በቦትስዋናም ትስዋና የሚባለው የአገሬው ውሻ በዚሁ መንገድ እያደገ መንጋ ይጠብቃል። መካከለኛ ቁመት ያለው፣ ሙቀቱን የለመደ፣ በትንሽ ዋጋ ወይም በነጻ ከጎረቤት የሚገኝ ውሻ ነው።

ስለ ቀለብም እናንሣ። 60 ኪሎ የሚመዝን ውሻ፣ 20 ኪሎ የሚመዝነው ከሚበላው ከሁለት እጥፍ በላይ ይፈልጋል። ዐሥር ፍየል ያለው ቤት ይህን ከየት ያመጣል? የተራበ ጠባቂ መንጋውን ትቶ ድኩላ ማሳደድ ይጀምራል። በናሚቢያም ቢሆን ከተሰጡት ውሾች ብዙዎቹ በአደጋ ያለ ዕድሜያቸው ሞተዋል፤ ጠባያቸው ስለተበላሸ ባለቤቶቻቸው የገደሏቸውም ነበሩ።

ሐኪሙ፦

ውድ እህቴ፣ አስተዳደጉ ወሳኝ መሆኑን እቀበላለሁ። ካንጋልም ቢሆን በስምንት ሳምንቱ ገደማ ጉረኖ ገብቶ፣ 16 ሳምንት ሳይሞላው የበግ ሽታና ድምፅ ካልለመደ፣ በኋላ ጠባቂ ላድርግህ ቢሉት እንቢ ይላል። ሆኖም ነብርና ጅብ በሚመላለሱበት ቦታ 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ጮኾ ማስጠንቀቅ ይችል ይሆናል እንጂ ቆሞ መመከት ይከብደዋል።

እንክብካቤውንም ሳልገልጽ አላልፍም፤ ጉዳት የሚመጣው ባለማወቅ ነውና። ግዙፍ ዝርያ ቀስ ብሎ ማደግ አለበት። ቶሎ ይፈርጥም ብለው ቡችላውን ከመጠን በላይ የሚመግቡና ካልሲየም የሚጨምሩለት ሰዎች የዳሌውንና የክርኑን መገጣጠሚያ ያበላሹበታል። ትልቁንም አንድ ጊዜ አትረፍርፈው ከሚያበሉት ምግቡን ከፋፍለው ቢሰጡት ይሻላል፤ ደረተ ጥልቅ ውሻ ጨጓራው ተነፍቶ ሊጠማዘዝ ይችላል፤ በሰዓታት ውስጥ ካልታከመም ይሞታል። መዥገሩን መልቀም፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስከተብ፣ ለመራቢያ የማይፈለገውን ማኮላሸት ግዴታ ነው። ይህን ማሟላት ለማይችል ቤት እኔ ራሴ ካንጋል አልሰጥም። በናሚቢያም ውሻውን አስረክበው ዝም አይሉም፤ እየተመላለሱ ይጎበኙታል።

ተቃዋሚዋ፦

ክትባቱን በማንሣትዎ አመሰግናለሁ፤ ጭንቀቴ እዚያ ላይ ነውና። በእኛው አገር፣ በባሌ ተራሮች፣ የእረኞች ውሾች ያመጡት የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2003 በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች አብዛኞቹን ፈጅቷል። በዓለም ላይ የቀሩት ለአቅመ መራባት የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። በእንዲህ ያለ ስፍራ አዲስ ውሻ ከማምጣት በፊት ያሉትን ውሾች ከትቦ መጨረስ ይቀድማል።

ደግሞም ልብ ይበሉ፤ ከውጭ የመጣው ቡችላ የሚያገኘውን ምግብ፣ ሐኪምና ጉብኝት የአገሩ ቡችላ አግኝቶ አያውቅም። ይህ ሳይደረግለት «አይችልም» ተባለ እንጂ ተመዝኖ አልወደቀም። በስምንት ሳምንታቸው ሁለቱም ጉረኖ ይግቡ፤ አንድ ዓይነት ክትባትና ክትትል ይደረግላቸው፤ ከዚያ በአንድ ግጦሽ ላይ፣ በተመሳሳይ መንጋ፣ በእያንዳንዳቸው ጥበቃ ስንት ግልገል እንደጠፋ ይቆጠር።

ሐኪሙ፦

በዚህ እስማማለሁ። ነገር ግን ግጦሹ ጅብ የሚመላለስበት ይሁን።