ውሻው ይቆይ፣ ባለቤቱ ይግባ

የእንስሳት ሐኪም ሥራ የሚከብደው በሽተኛው መናገር ስለማይችል ይመስለናል። ኧረ ተዉ! የሚከብደው ባለቤቱ መናገር ስለሚችል ነው።

ውሻው ምስኪን ነው። ጠረጴዛ ላይ ሲያወጡት ይንቀጠቀጣል። ሆዱን ሲጫኑት የሚያመው ቦታ ላይ ያቃስታል፣ የማያመው ቦታ ላይ ዝም ይላል። አያጋንንም፣ አይደብቅም። ባለቤቱ ግን ገና በሩን ሳይዘጋ የበሽታውን ስም፣ መነሻውንና መድኃኒቱን ጨርሶ ነው የሚገባው። ለሐኪሙ የቀረችለት ፊርማ ብቻ ናት።

አንድ የእንስሳት ሐኪም ወዳጅ አለኝ። አንዳንዴ ሥራ ቦታው ሄጄ ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ። እንደዚያ ያለ ድራማ በነፃ የሚታይበት ሌላ ቦታ አላውቅም።

«ምን በልቶ ነው?» ይላል ወዳጄ።

«የራሱን ምግብ ነዋ ዶክተር። ሌላ ነገር በአፉ አይዞርም።»

«ከመሬት ያነሳው ነገር ይኖር ይሆን?»

«የኛ ውሻ? እሱማ ጨዋ ነው!»

ጨዋው ውሻ ሆዱ ይከፈትና ካልሲ ይወጣለታል። ሰውዬው ካልሲውን አገላብጦ ያያል። ከዚያ ፊቱ ይበራል። «ይሄን እኮ ስፈልገው ነው የከረምኩት! ጓደኛው ቤት አለ።»

ወዳጄ አንድ ምክር አለው። «ወደ ክሊኒክ ስትመጡ ልጅ ይዛችሁ ኑ» ይላል። ልጅ ምስክር ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያመመው?»

«አሁን ጠዋት ነው» ይላል አባት፣ ቆፍጠን ብሎ።

«አይደለም አባዬ፣ ማታ ነው። ቸኮሌቱን ከሰጠኸው በኋላ።»

ክፍሉ ጭር ይላል። አባት ጣሪያውን ማየት ይጀምራል። ጣሪያው ላይ ምንም የለም።

ቸኮሌት ውስጥ ቴኦብሮሚን የሚባል ነገር አለ። የሰው ሰውነት ቶሎ ያስወግደዋል። ውሻ ላይ ግን ይቆያል፣ ልቡን ያስሮጠዋል፣ ሲብስ ያንቀጠቅጠዋል። ቸኮሌቱ በጠቆረ ቁጥር ጉዳቱ ይከፋል። በበላ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ቢመጣ ኖሮ አስመልሶ መገላገል ይቻል ነበር። «አሁን ጠዋት» የምትለው ቃል ያንን ሰዓት በልታዋለች። ለነገሩ ሐኪሙ ፖሊስ አይደለም፤ ቸኮሌት ሰጠህ ብሎ የሚያስረው ሰው የለም። ለምን እንደምንዋሽ ግን ይገባኛል። ጥፋተኛ ከምንባል ውሻው «ሚስጥራዊ በሽታ» ቢኖረው ደስ ይለናል።

ደግሞ የሚገርመው፣ እነዚህን እንስሳት ለአደጋ የሚያጋልጣቸው ብዙ ጊዜ ጥላቻ አይደለም። የኛ እንክብካቤ ነው። ከአፋችን ቀንሰን እንሰጣለን። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቀይ የደም ሴላቸውን ያፈርሳል። ወይንና ዘቢብ የውሻን ኩላሊት ሊያጠፋ ይችላል። ስኳር በሌለው ማስቲካ ውስጥ የሚገባው ዛይሊቶል የውሻን የደም ስኳር ድንገት ያወርደዋል። ሊሊ የሚባለውን አበባ ለልደት ሰው ያመጣልናል፣ ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጠዋለን፣ ድመቷ ብናኙን ከፀጉሯ ላይ ትልሳለች፣ ኩላሊቷ ይቆማል። እኛ ግን ቤቱ ውስጥ አደገኛው ነገር የጎረቤት ውሻ ይመስለናል።

ከሁሉም የሚብሰው የቤት ፋርማሲያችን ነው። ድመቷ አንቀላፋች፣ ምግብ አልቀመሰችም። ባለቤቷ መሳቢያ ከፍቶ ለራስ ምታቱ የገዛውን ፓራሲታሞል ያወጣል። ቁጥብ ሰው ስለሆነ ግማሽ ፍሬ ብቻ ይሰጣታል። የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን ማስወገድ አይሆንለትም። አንድ ፍሬ ድመት ለመግደል ይበቃል፤ ግማሿም የምትናቅ አይደለችም። ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ድዷ ይጠቁራል፣ ፊቷ ያብጣል። ከዚያ ክሊኒክ ተይዛ ትመጣና «ምንም አልሰጠኋትም» ይባላል። ልጅ ካልመጣ በቀር።

ሙቀት መለኪያም አያስፈልገንም። አፍንጫ አለ። አፍንጫው እርጥብ ከሆነ ጤነኛ፣ ከደረቀ ታማሚ ነው ብለን ፈርደናል። ከእንቅልፉ የተነሳ ጤነኛ ውሻም አፍንጫው ይደርቃል፤ አፍንጫው የረጠበ ውሻም በትኩሳት ሊነድ ይችላል። የውሻ ትክክለኛ ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። በሰው ሚዛን ከለካነው ጤነኛ ውሻ ሁሉ ትኩሳታም ነው። ትክክለኛው የመለኪያ ቦታ የት እንደሆነ ሲነገራቸው ብዙ ባለቤቶች በአፍንጫው ይቀጥላሉ።

ወደ ክብደት እንምጣ። እዚህ ላይ ወዳጄ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ለአንድ ሰው «ውሻህ ወፍሯል» ማለት ከባድ ነገር ነው።

«አጥንቱ ነው ትልቅ ዶክተር።»

አጥንት ከሆነ ጎኑን ሲዳስሱት መገኘት አለበት። ጤነኛ ክብደት ያለው ውሻ የጎን አጥንቶቹ ሳይጫኑ በእጅ ይታወቃሉ። የዚህኛው ግን ቁፋሮ ይፈልጋል።

«በቀን ስንቴ ይበላል?»

«ሁለቴ ብቻ።»

እውነት ነው፣ ሁለቴ ነው። አባት ሁለቴ ይሰጣል። እናትም ሁለቴ ትሰጣለች። አያት «ይሄ ምስኪን ከነጋ ምን ቀምሷል» ብለው ይሰጣሉ። ልጆቹ የማይወዱትን ሁሉ ከጠረጴዛ ሥር ያሳልፋሉ። ውሻው በየተራ እየዞረ ረሃብተኛ መስሎ ይቀርባል። ለእያንዳንዱ ሰው የቀኑን የመጀመሪያ ምግብ እየበላ ያለ ይመስለዋል። ከዚያ ጉልበቱ ይታመማል፣ ደረጃ መውጣት ያቅተዋል፣ ቤተሰቡም በአንድ ድምፅ «አርጅቷል» ይላል።

ድመት ሌላ ዓለም ናት። ውሻ ሲታመም አገር ይሰማል። ድመት ሕመሟን ትደብቃለች። ሲብስባት አልጋ ሥር ገብታ ትቀመጣለች፣ እኛ «ኮርታ ነው» እንላለን። ወዳጄ ደጋግሞ የሚያስጠነቅቀው አንድ ነገር አለ። ወንድ ድመት ሽንቱን ሊሸና እየተቀመጠ፣ እያማጠ፣ ምንም ካልወጣው «ሆድ ድርቀት ነው» ብላችሁ ዘይት አታጠጡት። የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። እሱ ነገ የሚባል ነገር አይደለም። አንድ ሁለት ቀን ከቆየ ሊሞት ይችላል።

ታዲያ ድመትን ወደ ሐኪም ለመውሰድ መጀመሪያ መያዝ ያስፈልጋል። መያዣ ሳጥኗ ዓመቱን ሙሉ ቁም ሣጥን ላይ ይቀመጥና የቀጠሮው ቀን ይወርዳል። ድመቷ ሞኝ አይደለችም። ሳጥኑ መሬት ሳይነካ ተሰውራለች። ቤተሰቡ በሙሉ ይሰለፋል። አንዱ ፎጣ ይይዛል፣ አንዱ በር ይዘጋል፣ አንዱ ከሶፋ ጀርባ በሆዱ ይሳባል። ክሊኒክ ሲደርሱ ድመቷ ፀጉሯ እንኳ አልተነካም። ባለቤቷ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሏል፣ አንገቱ ተቧጥጧል። ወዳጄ ሁለቱን አይቶ «ታካሚው የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መፍትሔው እኮ ቀላል ነበር። ሳጥኑን ሁልጊዜ በሩን ከፍቶ ቤት ውስጥ መተው፣ የምትተኛበትን ጨርቅ አንጥፎ አንዳንዴ የምትወደውን ምግብ እዚያ መስጠት ነው። ግን ይህን ሲሰሙ ሁሉም «ቤቱን ያጣብባል» ይላሉ። ቤቱ ውስጥ ማንም የማይቀመጥበት የስፖርት ብስክሌት ቆሟል።

ወዳጄ ይህን ሁሉ ችሎ እንኳ ክብሩ ገና ነው። ሰርግ ላይ ከማያውቀው ሰው ጎን ይቀመጣል።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ሐኪም ነኝ።»

የሰውየው ወንበር ጠጋ ትላለች። «ምን ሐኪም?»

«የእንስሳት።»

ወንበሯ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። «አይ... እሱም ጥሩ ነው።»

እሱም ጥሩ ነው! የሰው ሐኪም የሚማረው አንድ ፍጡር ነው። ይሄኛው ከፈረስ እስከ ጥንቸል ይጠየቃል፣ ያውም አንዳቸውም «እዚህ ጋ ያመኛል» አይሉትም። የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት በፈረንሳይዋ ሊዮን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1761 የተመሠረተው ክሎድ ቡርዤላ በሚባል የፈረስ ግልቢያ መምህር ነው። ያኔ የከብት ደስታ የሚባለው ወረርሽኝ የአውሮፓን ከብት ይፈጅ ነበር። ያ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። የሰው ልጅ ጨርሶ ያጠፋቸው በሽታዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ፈንጣጣና ይሄ። ከሁለቱ አንዱን ያጠፉት «እሱም ጥሩ ነው» የምንላቸው ሰዎች ናቸው።

ወንበሯ ግን ብዙም አትቆይም። ኬክ ሲቆረስ ሰውዬው ስልኩን ያወጣል። «ይቅርታ ዶክተር፣ የኔ ውሻ ሆዱን አሞት ነበር፣ እስቲ ይህቺን ፎቶ እያት።» ፎቶው የምን እንደሆነ አልናገርም። ኬኩ ቸኮሌት ነበር።

አሁን ከቀልድ ወጣ ልበል። ክትባት የሚባል ነገር አለ። ለውሻቸው ልደት የሚያከብሩ፣ ኮፍያ የሚያጠልቁለት፣ ሻማ የሚያበሩለት ሰዎች አውቃለሁ። ፎቶው ሦስት መቶ ሰው ይወደዋል። «የእብድ ውሻ ክትባቱስ?» ሲባሉ ይተያያሉ። «ተከትቧል መሰለኝ። ቡችላ እያለ።» ልደቱ ሰባተኛ ነው። ወይም ደግሞ «የኛ ውሻ ከግቢ አይወጣም» ይላሉ። እሱ ባይወጣ ሌላው ይገባላ! አጥር የሚዘል ድመት፣ በር ሲከፈት የሚሾልክ ውሻ ፈቃድ አይጠይቅም።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰውም ሆነ ውሻ አይተርፍም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጋ ሰው እንደሚሞትበት ይገመታል። ወደ ሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶ ገደማ የሚሆነው ከውሻ ነው። ሉዊ ፓስተር ጆሴፍ ማይስተር የተባለውን የ9 ዓመት ልጅ ከተነከሰ በኋላ የከተበው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ክትባቱ ከ130 ዓመት በላይ ሆነው፣ እኛ «መሰለኝ» ላይ ነን። ደግሞ ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና በደንብ አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ሕክምና ጋ መሄድ አለበት። «ውሻው ጤነኛ ይመስላል» የሚል ምርመራ የለም።

ሒሳብ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ትርኢት ነው። «ለድመት ይሄ ሁሉ?» ራጁ ያው ራጅ ነው፣ ላቦራቶሪው ያው ላቦራቶሪ ነው፣ ማደንዘዣም ለድመት ብሎ ቅናሽ አያደርግም። «እንስሳ የምትወድ ከሆነማ በነፃ ማከም ነበረብህ» የሚሉም አሉ። «ልጆች ትወዳላችሁ» ብሎ የትምህርት ቤት ክፍያ ያስቀረ ሰው እስካሁን አላየሁም። ይህን የሚለው ሰው ለውሻው የዝናብ ካፖርትና መነጽር የገዛ ነው። መነጽሩን ውሻው በልቶታል። ለዚህ ነው የመጡት።

ባለፈው አንዲት እናት ውሻቸውን ይዘው መጡ። ጉልበቱን ያመመው ወፍራም ውሻ ነው። ቀደም ሲል ወዳጄ ሕመም የሚያስታግስ መርፌ ወግቶት፣ ምግቡ እንዲቀነስ አዝዞ ነበር። አሁን ቀጠን ብሏል፣ ደረጃውንም በራሱ ወጣ። ሴትዮዋ አመሰገኑ፣ ከፈሉ፣ በሩ ጋ ደርሰው ተመለሱ።

«ዶክተርዬ፣ እግረ መንገድህን ይቺን ጉልበቴን እያት እስቲ።»

«እማማ፣ እኔ እኮ የእንስሳት ነኝ። የሰው ሐኪም ጋ ይሂዱ።»

«ሄጄ ነበር። ክብደት ቀንሺ ብሎ አናደደኝ።» ውሻቸውን በጣታቸው አሳዩት። «ለእሱ የወጋኸውን ውጋኝ። የምግቡን ነገር ተወው።»