እባካችሁ ቀስቱን አንሱልኝ

ዛሬ ካልተናገርኩ አይወጣልኝም። ቤተስዳ የሚባለውን የጌም ስቱዲዮ እወደዋለሁ፤ የእሱን ያህል የሚያናድደኝም የለም።

ሞሮዊንድን ያልተጫወተ ሰው ንዴቴ ላይገባው ይችላል። ቤተስዳ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው ጌም ነው፤ ኤልደር ስክሮልስ ከሚባሉት ተከታታይ ጌሞች አንዱ። ውጊያው ያሰለቻል፤ ሰይፍህ ጠላትህ ላይ ሲያርፍ በዓይንህ እያየህ እንደሳትከው ይቆጠራል። ግን መንገድ የሚያሳይህ ቀስት የለም። ገና ስትጀምር ባልሞራ የምትባል ከተማ ሄደህ ካየስ ኮሳዴስ የሚባል ሰው ፈልግ ትባላለህ። ቤቱ የት ነው? ጠይቅ! እዚህ ደሴ ሸዋ በር ላይ አንዲት እናት «በዚህ ሽቅብ ውጣ ልጄ፣ መስጊዱ ጋ ስትደርስ ወደ ቀኝ በል፣ ከዚያ ደግሞ ሰው ጠይቅ» እንደሚሉህ ነው። ትጠፋለህ። ስትጠፋ ያላሰብከው ዋሻ ውስጥ ትገባና ሌሊቱ እዚያው ያልቃል። ለታሪኩ የሚያስፈልገውን ሰው ብትገድለው እንኳ ጌሙ አይከለክልህም። ታሪኩ እንደተበላሸ ይነግርህና ወይ ወደኋላ ተመለስ፣ ወይ በተበላሸው ዓለም ቀጥል ይልሃል። ተጫዋችን ማክበር ማለት ይሄ ነው!

እ.ኤ.አ. በ2006 የሞሮዊንድ ተከታይ የሆነው ኦብሊቪየን ቀስቱን ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ አልለቀቀንም።

ከኦብሊቪየን ቀጥሎ የመጣውን ስካይሪምን እወደዋለሁ፣ አልዋሽም። ጦሳ ተራራ ሥር ላደገ ሰው ያ ሁሉ ጭጋግና ተራራ ልብ ይነካል። ከሩቅ ያየኸውን ጫፍ በእግርህ ትወጣዋለህ፤ እንዲህ ያለ ዓለም የሚሠራ ሌላ ስቱዲዮ አላየሁም። ግን ሪፍተን የምትባለው የጌሙ ከተማ ግቡ። ሜቨን ብላክብራየር የምትባል ሴትዮ ከተማዋን በጉቦና በነፍሰ ገዳይ ይዛታለች። አንጀቴ አርሮ መታኋት። ተንበረከከች። ትንሽ ቆይታ ተነሳች። ደግሜ መታኋት፣ ደግማ ተነሳች። ስቱዲዮው እንዳትሞት ወስኗል። ታዲያ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?

ኮምቦልቻ ያለው የአክስቴ ልጅ «ቀስቱ ካስጠላህ አጥፋው» ይለኛል። አጥፍቼ አይቻለሁ። ችግሩ ሰዎቹ መንገድ አይነግሩህም። «ካርታህ ላይ ምልክት አድርጌልሃለሁ» ብለው ዝም! ቀስቱን ስታጠፋ የቀረህ ነገር የለም፤ ጌሙ የተሠራው ቀስቱን ተማምኖ ነው።

የዚሁ ስቱዲዮ ሌላ ጌም፣ ፎልአውት 4፣ ደግሞ ንግግሩን በአራት ምርጫ ብቻ አጠረው። ብዙ ጊዜ ሦስቱ ያው «እሺ» ናቸው፤ አንዱ በቁጣ፣ አንዱ በቀልድ። ጥይት መተኮሱ ግን ከፎልአውት 3 በብዙ ይሻላል፣ ሐቁን እንናገር።

የ2023ቱን የቤተስዳ የጠፈር ጌም ስታርፊልድን ለማውረድ እዚህ ደሴ ምን እንደሚያስከፍል የሚያውቅ ያውቀዋል። ከ100 ጊጋባይት በላይ! መብራት ይሄዳል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ ማታ ትተኛለህ፣ ጠዋት ትንሽ ሄዶ ቆሞ ታገኘዋለህ። ያን ሁሉ ታግሼ ገባሁ። ከ1000 በላይ ፕላኔት አለው። አንዷ ላይ አርፌ የተተወ የምርምር ጣቢያ በረበርኩ። ሌላ ፕላኔት ሄድኩ፤ ያው ጣቢያ፣ ያው ክፍል፣ ሬሳው ሳይቀር በነበረበት ቦታ። አንድ በደንብ የተሠራች ደሴት ብቻ የነበረው ሞሮዊንድ ይበልጥብኛል።

ቀጣዩን ኤልደር ስክሮልስ እ.ኤ.አ. በ2018 አውጀው አሁንም እየጠበቅን ነው። ይቆይ፣ ግድ የለኝም። ብቻ ሰዎቹ መንገዱን በአፋቸው ይንገሩኝ። የመታሁት ሰው ይሙት፣ ታሪኩም ከተበላሸ ይበላሽብኝ።