እጅ አርፎ እንዲቀመጥም አንጎል ይሠራል

ሰሞኑን ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «ሲኒ ስናይ አንጎላችን ሳናስበው እጃችንን ለማንሳት ያዘጋጃል» ይላል። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ታከር እና ኤሊስ የተባሉ ተመራማሪዎች የዕቃው እጀታ ወደ ቀኝ ሲዞር የቀኝ እጅ መልስ እንደሚፈጥን አሳይተዋል። ሰዎቹ የተጠየቁት ዕቃው ቆሟል ወይስ ተገልብጧል የሚለውን ብቻ ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላው ግማሽ ነው። ያ ዝግጅት እንዴት ነው የሚገታው?

አጎቴ ስትሮክ ከመታቸው በኋላ ፊታቸው ያለውን ሁሉ ያነሱ ነበር። የእንግዳ ሲኒ፣ የእህቴ ማበጠሪያ፣ ክብሪት። አንድ ቀን የራሳቸውን መነጽር እንዳደረጉ የእናቴን ከላይ ደረቡበት። «ኧረ ተዉ!» እያልን እንቆጣቸው ነበር። እኔም ተቆጥቻቸዋለሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። የአንጎላቸው የፊት ክፍል እንደተጎዳ ሐኪሙ ሲያስረዳን ነው የገባን። ፈረንሳዊው የነርቭ ሐኪም ፍራንሷ ሌርሚት እኮ እ.ኤ.አ. በ1983 እንዲህ መነጽር በመነጽር ላይ ስለሚደርቡ ታካሚዎች ጽፎ ነበር።

እገታው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አውቀን «አልነካም» የምንለው ነው። ሌላው እኛ ሳናውቀው በቅጽበት ሥራውን ጨርሶ ያልፋል። ስለዚህ ይህ ሁለተኛው የተጎዳበትን ሕመምተኛ «ራስህን ግታ» ማለት፣ እግሩ የተሰበረን ሰው ሩጥ እንደማለት ነው።

እኛ ቁጣውን ትተን ጠረጴዛውን ባዶ ማድረግ ጀመርን። ቢላዋና ክብሪት ከዓይናቸው ራቀ። የሚፈልጉትን ብቻ፣ አንድ በአንድ እናቀርብላቸዋለን።