ሰፈሬን ብቻ ቢጠሩልኝ

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አዲስ አበባ ስመጣ ካዛንቺስ እየፈረሰ ነበር። እሑድ ጠዋት እዚያው መሀል ከተማ ወዳለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ስብከቱ ስለ ኢያሪኮ ቅጥር መውደቅ ነበር። ፓስተሩ "ቅጥሩ ይፈርሳል!" ሲል አዳራሹ በአሜን ተናጋ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። ሲያልቅ ሰላም አልኳቸው። ልጆቻቸውን የወለዱበት ቤት በዚያው ሳምንት ፈርሷል፤ ምትክ የተሰጣቸው ከተማው ዳር ስለሆነ ሁለት ታክሲ ይዘው፣ ገና ሳይነጋ ተነስተው ነው የመጡት። "ስሜን ይጥሩልኝ አላልኩም ልጄ፤ ሰፈሬን ብቻ ቢጠሩልኝ ምን ነበረበት?" አሉኝ።

ይህ ነገር እስካሁን ከውስጤ አልወጣም።

ስለ ካዛንቺስ ለምን ዝም እንዳሉ አንዱን አገልጋይ ጠየቅኩት። "ዜናውን ሕዝቡ በስልኩ ያየዋል፣ እኛ ወንጌል ነው የምንሰብከው" አለኝ። አልተከራከርኩትም፤ ምክንያቱም እኔ ከምኖርበት ከሜሪላንድ የማውቀው ደግሞ ሌላኛውን ጥፋት ነው። በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲጀመር እኛ ጋ መድረኩ የፖለቲካ ትንታኔ ሆነ። ሰባኪው ማን ጥፋተኛ እንደሆነ፣ ማን ማሸነፍ እንዳለበት ይነግረን ነበር። ስልክ ተቋርጦ የእናቷን ድምፅ ከሰማች ወራት ያለፋት እህት መካከላችን ተቀምጣ ነበር። አንድ እሑድ ስብከቱ ሳያልቅ ተነስታ ወጣች፤ አልተመለሰችም። አሜሪካ ውስጥ ለመናገር ብዙ አያስፈራም። በ1954 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ እንኳ ከግብር ነፃ የሆነ ቤተ ክርስቲያን ለምርጫ እጩ እንዳይቀሰቅስ ነው የሚለው፣ ስለ ጉዳዩ አትናገር አይልም። ስለዚህ እንናገር ነበር፣ ጦርነቱ ግን እኛ ያለንበት አይደርስም ነበር።

አዲስ አበባ ላይ መናገር ዋጋ እንዳለው አውቃለሁ። ፒያሳ ማዘጋጃ ቤት አካባቢ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ቆሟል፤ ለወራሪው አልገዛም ብለው ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. የረሸናቸው ጳጳስ ናቸው። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩትን ቄስ ጉዲና ቱምሳን ደግሞ በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ከካዛንቺስ ብዙ ከማይርቀው ከኡራኤል መካነ ኢየሱስ አገልግለው ሲወጡ ነው ያፈኗቸው። ደርግ ገደላቸው፤ አስከሬናቸው የተገኘው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ነው። ወንጌል ለነፍስም ለሥጋም ነው ብለው ያስተማሩ ሰው ነበሩ። እንግዲህ ዛሬ ለሚፈራ ፓስተር እኔ ከውቅያኖስ ማዶ ሆኜ "ለምን አትጮህም" ብዬ ብጠይቀው ነውር ነው፣ አልልምም።

ግን የምለምነው ጩኸት አይደለም። ሉቃስ 13ን አንብቡት። ሰዎች ለኢየሱስ የሰሞኑን ወሬ ያመጡለታል፤ ጲላጦስ መሥዋዕት ሲያቀርቡ የገደላቸውን የገሊላ ሰዎች። "ይህ መንፈሳዊ ጉዳይ አይደለም" ብሎ አልመለሳቸውም። እንዲያውም ራሱ ሌላ ጨመረ፦ በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱትን አሥራ ስምንት ሰዎች። ቦታውን ጠራ፣ ቁጥራቸውን ተናገረ። የሞቱት ከሌላው ይልቅ ኃጢአተኞች ስለሆኑ እንዳይመስላችሁ አለ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ሰሚዎቹ አዞረና ንስሐ ግቡ አላቸው። የማንንም ወገን ደጋፊ አልሆነም፤ እንዳልሰማም አልሆነ። እኛ ሜሪላንድ የጎደለን ንስሐው ነው፣ መድረኩ ሌላውን ብቻ ነበር የሚከሰው። አዲስ አበባ ያየሁት ጉባኤ ደግሞ የሰሊሆምን ስም ነው የዘለለው።

ኢያሪኮ ይሰበክ። ግን መጽሐፍ ቅዱሱ ከመገለጡ በፊት፣ በምልጃው ሰዓት፣ "ከካዛንቺስ ለተነሱ ወገኖቻችን እንጸልይ" ማለት ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይወስድም። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ማን የት እንደሄደ ይጠይቁ፣ አድራሻ ይያዙ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሄደው አዲሱ ቤት ውሃ መኖሩን ይዩ። ከጉባኤው ውስጥ መኪና ያለው ሰው ደግሞ አይጠፋም፤ እኚያ እናት እሑድ ሁለት ታክሲ ባይጋፉ።